የጀልባ ሞተር ሲግል፦ ከውሃ መግቢያው እስከ ቴርሞስታቱ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ሲጓዙ ሞተሩ ጣና ሐይቅ መሀል ቢግል፣ ዳር ይዞ መካኒክ መጥራት የለም። ተሳፋሪ አለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ነፋስ አለ፣ የእምቦጭ አረምም አለ። ደግነቱ ይህ ብልሽት ዕውር አይደለም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚሄድበት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሳይደነግጡና ያገኙትን ቡሎን ሁሉ ሳይፈቱ፣ የውሃውን መንገድ ተከትለው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው ይፈትሹ። ይህ መመሪያ በዚያ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው እንዴት ነው?

የመኪና ሞተር በራዲያተር የሚዞር የራሱ ውሃ አለው። ከጀልባ ኋላ የሚሰቀለው ሞተር (አውትቦርድ) ግን ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በሚሄድበት ሐይቅ ውሃ ነው። ውሃው የሚገባው ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ በሞተሩ እግር ግራና ቀኝ ባለው ወንፊት ነው። ከዚያ በላይ የውሃ ፓምፕ አለ። በፓምፑ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የጎማ ክንፎች ያሉት ክብ ዕቃ ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ በሚወርደው ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይዞራል። ኢምፔለሩ የገፋው ውሃ በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን ይዞራል፤ ሙቀቱን ይዞ በቴርሞስታት በኩል ያልፍና ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ከዚህ ውሃ ጥቂቱ ከሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በቀጭኑ ይፈስሳል። ይህች ውሃ ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ለምልክት የተሠራች ናት፤ ፓምፑ እየሠራ መሆኑን ትነግርዎታለች። ሆኖም ሁሉንም አትነግርም። በብዙ ሞተሮች ላይ የምትወጣው ቴርሞስታቱ ጋ ከመድረሷ በፊት ስለሆነ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ሞተሩ እየጋለም እሷ በደንብ ልትፈስ ትችላለች። ስለዚህ መፍሰሷን ብቻ አይተው አይርኩ፤ ሙቀቷንም በጣትዎ ይለኩ።

የመጋል ምልክቶች

- በጎን የምትወጣው ውሃ ትቀጥናለች፣ ትቆራረጣለች ወይም ጭራሽ ትቆማለች።
- ውሃው እጅ የማያስነካ ትኩስ ይሆናል ወይም ከእንፋሎት ጋር ይወጣል።
- ማስጠንቀቂያ የተገጠመለት ሞተር ይጮኻል፤ ብዙዎቹ ፍጥነታቸውንም በራሳቸው ይቀንሳሉ። አነስተኛና የቆዩ ሞተሮች ግን ይህ የላቸውም፤ ጠባቂያቸው ዓይንዎና አፍንጫዎ ብቻ ነው።
- ቤንዚን እየሰጡት ሞተሩ ጉልበት ያጣል።
- ከኮፈኑ የተቃጠለ ቀለም ወይም ጎማ ይሸታል።

ሐይቁ ላይ እያሉ፦ ስምንት እርምጃዎች

1. ቤንዚኑን ወደ ሚኒሞ ይቀንሱ፣ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፣ የጎኗን ውሃ ይመልከቱ። የምትፈስ ከሆነና ማስጠንቀቂያው ከቆመ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት፤ ሞተሩ በራሱ ውሃ ይበርዳል። ውሃ ከሌለ ወይም እንፋሎት ካዩ ግን ወዲያውኑ ያጥፉ። ያለ ውሃ የሚዞር የጎማ ኢምፔለር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል።

2. ተሳፋሪዎችን ባሉበት ያስቀምጡ፤ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን መልበሳቸውንም ያረጋግጡ። ሁሉም ሞተሩን ለማየት ወደ ኋላ ከተሰበሰቡ ጀልባው ሚዛኑን ያጣል።

3. መልሕቅ ይጣሉ። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። የመልሕቅ ገመድ ከውሃው ጥልቀት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ መርዘም ስላለበት፣ 60 ሜትር ገመድ ያለው ጀልባ በሐይቁ ላይ የትም መቆም ይችላል። መልሕቅ ከሌለዎት ነፋሱ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ እምቦጭ ሳይገፋዎት መቅዘፊያ ያውጡ።

4. ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጠው ወደ ላይ ያዘንብሉት። ወንፊቱን በዓይን ብቻ አይተው አይለፉ፤ በእጅዎ ይዳስሱት። በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል የሚሄድ ጀልባ ላይ የሚያገኙት ዕቃ የታወቀ ነው፦ የእምቦጭ ሥር። ጥቁር ሥሩ እንደ ፀጉር የረቀቀ ስለሆነ በወንፊቱ ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ ይቋጠራል። ከላይ ያለውን ቅጠል ብቻ ቢነጩት ሥሩ ውስጥ ይቀራል። በጣትዎ ይዘው ወደ ውጭ በቀስታ ይሳቡ እንጂ በካቻቢቴ ወደ ውስጥ አይግፉ፤ የተገፋው ሥር ፓምፑ ላይ ያርፋል።

5. የፌስታል ቁራጭም ይፈልጉ። ፌስታል ወንፊቱ ላይ የሚለጠፈው ሞተሩ ውሃ ሲስብ ነው፤ ሲጠፋ ራሱ ይወድቃል። ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ከጥቂት እረፍት በኋላ በትክክል ከሠራ ጥፋተኛው ይህ ሊሆን ይችላል። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ካለም ያውጡ። መረቡ ሞተሩን ከማስጨነቁም በላይ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የዘይት ማገጃውን ይቆርጣል።

6. የምትፈሰውን ውሃ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ወይም በወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ክር ይጥረጉ። ቆሞ በከረመ ሞተር ላይ ነፍሳት በጭቃ ይደፍኗታል፤ በክረምትም ደለል ይይዛታል። አንዳንዴ ያለው ችግር ይኸው ብቻ ነው፦ ሞተሩ አልጋለም፣ ምልክቷ ናት የተደፈነችው።

7. ኮፈኑን ከፍተው እንዲናፈስ ያድርጉ፤ ቴስታታው ላይ እጅዎን ማሳረፍ እስኪችሉ ይጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ፈጽሞ አይድፉ፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በጆንያ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማቆየትም አይጠቅምም።

8. ከበረደ በኋላ ያስነሱት። የጎኗ ውሃ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መፍሰስ አለባት። ከፈሰሰችና ለብ ያለች ከሆነ በዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ቅርቡ ዳርቻ ይሂዱ፤ ወደታሰበው መድረሻ አይደለም። ካልፈሰሰች ያጥፉና በመቅዘፊያ፣ በሸራ ወይም በሌላ ጀልባ ተጎትተው ይውጡ። «ትንሽ ቀርቶናል» እያሉ በጋለ ሞተር የሚሄዱበት አንድ ኪሎ ሜትር ፒስቶኑን ሊያስነክስ ይችላል።

ዳርቻ ላይ፦ ምልክቱን ማንበብ

ከወጡ በኋላ ያዩትን ምልክት ይዘው ምርመራውን ይጀምሩ።

- ውሃ የለም፣ ወንፊቱም ቀዳዳዋም ንጹሕ ናቸው፦ ኢምፔለሩን ይጠርጥሩ።
- ውሃው በሚኒሞ ይቆራረጣል፣ ቤንዚን ሲሰጡት ይስተካከላል፦ ኢምፔለሩ አርጅቷል። ዛሬ ቢያደርስዎትም ነገ ላያደርስዎት ይችላል።
- ውሃው በደንብ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ግን ይግላል፦ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል ወይም ውስጡ በደለል ወይም በጨው ተደፍኗል።
- በዝግታ ሲሄዱ ደህና ነው፣ በሙሉ ፍጥነት ይግላል፦ ውሃው እያነሰ ነው፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል ወይም ጭነቱ በዝቶበታል።
- በማዕበል ላይ ብቻ ይግላል፦ ወንፊቱ ከውሃው እየወጣ ፓምፑ አየር ይስባል።

ኢምፔለር መቀየር

ለዚህ ሥራ የቡሎን ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ውሃ የማያጥበው ግሪስ፣ የሞተርዎ ሞዴል ትክክለኛ ኢምፔለርና ጋርኔሲዮን ያስፈልግዎታል። አዲሱን ኢምፔለር ከአሮጌው ጋር አስተያይተው ይግዙ፤ በዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ግን በሚሊሜትር የሚለያዩ አሉ።

1. የካንዴላውን ሽቦ ይንቀሉ። ፕሮፔለሩን በእጅ ሲያዞሩ ሞተሩ ሊነሳ ስለሚችል ይህን እርምጃ አይዝለሉ።
2. ማርሹ ከላይ ከሚመጣው ዘንግ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ፈልገው ይፍቱ። እንደ ሞዴሉ ቦታው ይለያያል።
3. የሞተሩን እግር ከላይኛው ክፍል ጋር የሚያያይዙትን ቡሎኖች ይፍቱ። ከአራት እስከ ስድስት ይሆናሉ፤ በአንዳንድ ሞተሮች አንዱ ከፕሮፔለሩ በላይ ባለችው ትንሽ ክንፍ ሥር ይደበቃል። «ሁሉንም ፈትቼ አልወጣም አለ» ካሉ እሱን ይፈልጉ።
4. እግሩን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይሳቡ። ከተጣበቀ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይምቱት፤ በካቻቢቴ ከፈለቀቁት ገጹ ይቆረጣል።
5. የፓምፑን ክዳን ፈትተው ኢምፔለሩን ያውጡ። ዘንጉ ላይ የሚይዘው ትንሽ ብረት እንዳይጠፋብዎት በጨርቅ ላይ ያስቀምጡ። የተነሱትን ዕቃዎች በቅደም ተከተላቸው በስልክ ፎቶ ያንሱ።
6. ክንፎቹን ይቁጠሩ። የጠፋ ክንፍ ካለ ቁራጩ የሆነ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሽቅብ በሚወጣው ቱቦ ወይም በቴርሞስታቱ አጠገብ ይገኛል። ቁራጩን ሳያገኙ አዲስ ኢምፔለር ቢገጥሙ ሞተሩ መጋሉን አይተውም። ሳይሰበሩ ወደ አንድ ጎን ተጣመው የቀሩ ክንፎችም የሞቱ ናቸው።
7. ኢምፔለሩ የሚዞርበትን ብረትና ከሥሩ ያለውን ሳህን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አብረው ይቀይሯቸው። በክረምት ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ ወደ ጣና የሚያስገቡት ደለል የሚበላው በመጀመሪያ ይህንን ነው።
8. አዲሱን ኢምፔለር በሳሙና ውሃ ወይም በጥቂት ግሪስ ያርጥቡ። ክዳኑን እየጫኑ ዘንጉን በትክክለኛው አዟዟሩ፣ ከላይ ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ክንፎቹ መታጠፍ ወዳለባቸው ወገን ይታጠፋሉ።
9. እግሩን ሲመልሱ ቀጭኑ የውሃ ቱቦ ከፓምፑ ጎማ ቀዳዳ መግባቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ውሃ የማይወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ከጎን ስለቀረ ነው። የዘንጉን ጥርሶች ግሪስ ይቀቡ፤ ጫፉ ላይ ግን ግሪስ አይከምሩ፣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርገዋልና።

ቴርሞስታቱን መፈተሽ

ቴርሞስታቱ በቴስታታው ላይ ወይም አጠገቡ በትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል። አውጥተው በክር ያንጠልጥሉትና ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ያስገቡ፤ ሥሩን እንዳይነካ። ቴርሞሜትር አብረው ይንከሩና ውሃውን ቀስ ብለው ያሙቁ። የብዙ አውትቦርድ ቴርሞስታት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መከፈት ይጀምራል፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጿል። ውሃው እየፈላ እንኳ ካልተከፈተ ይጣሉት። ቢከፈትና ሲበርድ ካልተዘጋም ይጣሉት።

በመኪና እንደለመድነው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ያለ እሱ መንዳት እዚህም የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ግን መፍትሔ አይደለም። ሁልጊዜ በርዶ የሚሠራ ሞተር ቤንዚኑን አሟልቶ አያቃጥልም፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በባለ አራት ምት ሞተር ላይም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዳርቻ ለመድረስ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ይግጠሙ።

የውሃው መንገድ ንጹሕ ሆኖም ከጋለ

ዘይት። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች መጠን 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የሞተርዎን መጽሐፍ አይተው ያረጋግጡ። ዘይቱም በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ፣ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ የሞተር ሳይክል ዘይት ለሌላ ሙቀት የተሠራ ነው። ባለ አራት ምት ከሆነ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ይዩ።

ቤንዚን። ካርቡራተሩ በቆሻሻ ተደፍኖ ቤንዚን ካነሰ ቃጠሎው ከልክ በላይ ይሞቃል። ካንዴላውን ያውጡ፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን እያነሰው ወይም እየጋለ ነው።

ከፍታና ጭነት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐዋሳና ዝዋይም ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ ያልተገጠመለት ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። በባሕር ጠለል የተመረጠ ፕሮፔለር ይዞ፣ ተሳፋሪና ጭነት ሞልቶ ሲሄድ ሞተሩ መዞር ያለበትን ያህል ሳይዞር ቤንዚኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይጨነቃል። ያ ጭንቀት ሙቀት ነው። ሌላም አለ፦ በጣና ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ በሞተሩ ውስጥ እንፋሎት ቶሎ ይፈጠራል ማለት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አያወጣም። ስለዚህ ጥርሱ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር፣ ማለትም በአንድ ዙር ጥቂት ርቀት የሚገፋ፣ ይጠይቁ፤ ጭነቱንም ጀልባው በተፈቀደለት ልክ ያድርጉ።

አሰቃቀል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው አግዳሚ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከዚህ በላይ ከወጣ ፓምፑ አየር ይጠጣል።

ባለ ሸራ ጀልባ ከሆነ

በሸራ ጀልባ ላይ ሞተሩ ረዳት ነው፤ የሚጋልበትም ምክንያት ትንሽ ይለያል። ጀልባው በነፋስ ሲያጋድል ወይም በማዕበል ኋላው ሲነሳ ወንፊቱ ከውሃው ይወጣል። ለዚህ ነው የሸራ ጀልባ ሞተር ረጅም እግር፣ 51 ወይም 64 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መስቀያ የተሠራ፣ እንዲሆን የሚመረጠው። ካጋደለ ሸራውን ቀንሰው ጀልባውን ያቅኑ፤ ክብደት ከጀልባው አፍንጫ ወደ ኋላ ያዛውሩ። ሞተሩ በጀልባው ውስጥ በተቆረጠ ጉድጓድ ከተቀመጠ ጭሱ እዚያው ታፍኖ ሞተሩ መልሶ ይተነፍሰዋል፤ የጉድጓዱን ክዳን ከፍተው ይንዱ። ወደብ ከመግባትዎ በፊትም ሸራውን አጣጥፈው አያስሩት፤ ሞተሩ በጠባቡ መግቢያ ላይ ቢጠፋ መውጫዎ ሸራው ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም በሌላ ጨዋማ ባሕር ላይ የሚነዱ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሞተሩን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በጣፋጭ ውሃ ያጥቡ። በሞተሩ ውስጥ የደረቀ ጨው መንገዱን ከዓመት ዓመት ያጠብባል።

መካኒክ የግድ የሚሆንበት ጊዜ

ካንዴላው ላይ የውሃ ጠብታ ካዩ፣ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ፣ የማስነሻው ገመድ ከወትሮው ቀልሎ ከተሳበ ወይም ጨርሶ ካልተሳበ፣ ሙቀቱ የቴስታታውን ጋርኔሲዮን ወይም ፒስቶኑን ነክቷል። ከዚህ በኋላ ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ

ሞተሩን በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ይሞክሩ፤ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ሳህን ይሸፍን። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ስለሚሞቅ በየጥቂት ደቂቃው ይቀይሩት፤ ሙከራውንም በተዘጋ ቤት ውስጥ አያድርጉ፣ ጭሱ ይገድላል። ቀጥለው ያለ ተሳፋሪ ዳር ዳሩን አሥር ደቂቃ በሚኒሞ፣ ከዚያ በግማሽ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ይንዱ፤ በየደረጃው የጎኗን ውሃ በጣትዎ ይንኩ። ሦስቱንም ካለፈ ለሥራ ዝግጁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ነው። በየጠዋቱ ወንፊቱንና የምትፈሰውን ውሃ ይዩ። ውሃው ከአንድ ሜትር በታች በሆነበት ዳርቻ ሞተሩን ከፍ አድርገው በዝግታ ይሂዱ፤ አሸዋ እንዳይስብ። በእምቦጭ መሀል ማለፍ ግድ ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው በመቅዘፊያ ይለፉ። ኢምፔለሩን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያውጡና ይዩ፤ ደለል ባለበት ውሃ በየቀኑ የሚሠራ ሞተር ከዚያም ቶሎ ይፈልጋል። ጀልባው ላይ መለዋወጫ ኢምፔለር፣ ካንዴላ፣ ኮፒሊያ፣ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ መልሕቅና ሁለት መቅዘፊያ ይኑር። ኢምፔለሩ የተቀየረበትን ቀን በኮፈኑ የውስጥ ገጽ ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ፤ ነገ ሞተሩን የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም ያነበዋል።